ስም ያልተጻፈበት ንስር

በዚህ እትም የምናካፍላችሁ ታሪክ የተነሣው ከአንድ የልጅ ጃኬት ነው። ባለፈው ክረምት የስፌት ቡድናችን ጠጋግኖ ለመሸጥ ከገዛው የሳልቫጅ ልብስ መካከል ደረቱ ላይ ክብ የጥልፍ አርማ ያለበት ሰማያዊ ጃኬት ወጣ። አርማው ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር በእግሩ ዝንጣፊ ይዞ፣ ጉድጓድ በበዛበት ግራጫ መሬት ላይ ሊያርፍ ሲል ይታያል። ከኋላው ጥቁር ሰማይ፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ትንሽ ሰማያዊ ኳስ አለ። የጠላፊዎች ነገር ሆኖ ሥዕሉን ከማድነቃችን በፊት አርማውን ከጃኬቱ ፈትተን ጀርባውን አገላብጠን አየን። ክሩ የት ተጀምሮ የት እንደታሰረ፣ ስንት ቀለም እንደገባበት፣ ጠርዙ በምን እንደተዘመዘመ ስንከራከር የአንዲት አባላችን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ መጣችና አንድ ጊዜ አይታ «ይሄማ አፖሎ 11 ነው፤ ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች አርማ» አለችን።

ጃኬቱ ራሱ ጨረቃ ላይ እንዳልደረሰ ግልጽ ነው። አርማው ግን በጊዜው መጣልን። በዚያው ሰሞን ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ አባላት በሥራ ልብሳቸው ላይ የሚሰፉት የጥልፍ አርማ ለማዘጋጀት ወስኖ ነበር። ቀላል ሥራ መስሎን ነበር። ስብሰባው ላይ «የማን ስም ይጻፍበት?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ገሚሶቻችን የሰባቱ መሥራቾች ስም ይግባ አልን። ገሚሶቻችን ክሩንና ጨርቁን የገዙልን ደጋፊዎች ስም አይቅር አልን። የሒሳብ መዝገቡን የያዝነው ደግሞ ፊደል በበዛ ቁጥር ክሩም ሰዓቱም እንደሚጨምር አስልተን፣ የማንም ስም ባይኖር ይሻላል አልን። በመጨረሻ ከመሥራቾቻችን አንዷ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እናታችን፣ «እኔ አርባ ዓመት የሰው ቀሚስ ስጠልፍ ኖርኩ። ስሜ ያረፈበት አንድም ቀሚስ የለም» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ቀን ምንም ሳንወስን ተበተንን።

ሌሎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት ለማወቅ ስንል የጠፈር ጉዞ አርማዎችን ታሪክ ስናነብ ከረምን። ያገኘነውን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአርማ በፊት

የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጠፈርተኞች አርማ አልነበራቸውም። የነበራቸው ለመንኮራኩራቸው ስም የማውጣት መብት ነው። ጆን ግሌን የካቲት 20 ቀን 1962 ምድርን የዞረባትን መንኮራኩር «ፍሬንድሺፕ 7» ብሎ ሰየማት፤ ስሙም በእጅ እንዲጻፍለት ፈለገ። ሥራው የደረሰው በማስወንጨፊያው ጣቢያ ለምትሠራ ሲሲሊያ ቢቢ ለምትባል ሠዓሊ ነበር። ሴት ወደ ሮኬቱ ማማ አትወጣም ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ግሌን ግን የሚፈልገው እሷኑ እንደሆነ አጥብቆ ስለተናገረ ማማው ላይ ወጥታ ስሙን በብሩሽ ጻፈች። ከእሱ በኋላ ለበረሩት ለሁለት ጠፈርተኞችም እንዲሁ ጽፋለች። ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ የእጅ ጽሑፏ ግን ምድርን ሦስት ጊዜ ዞሮ ተመልሷል።

በጥልፍ ረገድ ደግሞ ብዙ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያው የጠፈር አርማ ነው የሚሉት በሴት ልብስ ላይ የነበረውን ነው። ሶቪየታዊቷ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ሰኔ 16 ቀን 1963 ወደ ጠፈር በመውጣት በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በሦስት ቀን ገደማ ምድርን 48 ጊዜ ዞራለች። ከዚያ በፊት በያሮስላቭል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። በበረራው ላይ የምትጠራበት ስም «ቻይካ» ሲሆን የባሕር ወፍ ስም ነው። ከውጭ ከሚታየው ብርቱካናማ ልብስ ሥር በነበረው ልብሷ ላይ ነጭ ወፍ ተጠልፎ ነበር። ከላይ ተሸፍኖ ስለነበር የሚያየው አልነበረም። ይህ ነገር ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ልብ በሉት።

የተሸፈነው መፈክር

ወደ አሜሪካኖቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1961 የገስ ግሪሰም መንኮራኩር ከበረራ መልስ ባሕር ላይ አርፋ ሰጠመች፤ እሱ ራሱ ዋኝቶ ነው የተረፈው። በመጋቢት 1965 ጄሚናይ 3ን ይዞ ሲነሣ መንኮራኩሩን «ሞሊ ብራውን» አላት። ሞሊ ብራውን ከታይታኒክ መርከብ አደጋ የተረፈች፣ «የማትሰጥመዋ» እየተባለች የምትጠራ ሴት ነበረች። የናሳ አለቆች ቀልዱ አልጣማቸውም፤ ከዚያ በኋላ ስም ማውጣት ቀረ።

በነሐሴ ወር ተረኛ የሆኑት ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ ስም ሲከለከሉ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ኩፐር የአየር ኃይል ሰው ነበርና እያንዳንዱ የበረራ ጓድ የራሱ አርማ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ «ለእኛም ጉዞ አርማ ይሠራልን» አለ። ለሥዕሉ የመረጡት የኮንራድ አማት ከእንጨት ቀርጸው የሠሩትን፣ ሸራ የለበሰ የድሮ የስደተኞች ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ መፈክር ጨመሩበት፤ ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ወይ ስምንት ቀን፣ ወይ ኪሳራ» እንደማለት ነው። እስከዚያን ጊዜ ማንም ሰው ስምንት ቀን በጠፈር ቆይቶ አያውቅም ነበር።

የናሳ ኃላፊ ጄምስ ዌብ አርማውን እያመነቱም ቢሆን ፈቀዱ፤ መፈክሩን ግን አልወደዱትም። ስምንቱ ቀን ሳይሞላ ቢመለሱስ? ጋዜጠኛው ሁሉ «ከሰሩ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ጉዞው እስኪያልቅ መፈክሩ በቁራጭ ጨርቅ ተሸፍኖ እንዲሰፋ ታዘዘ። ሁለቱ ሰዎች ነሐሴ 21 ተነሥተው ነሐሴ 29 አረፉ። በሰዓት ሲሰላ 7 ቀን ከ22 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ቆይተዋል፤ ስምንት ቀን ሊሞላ የቀረው አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን ጉድለት ዝም ብለን አናልፈውም ነበር፤ ናሳ ግን አለፈው። ከዚያ ወዲህ ሰው ይዞ የሚሄድ የአሜሪካ ጉዞ ሁሉ የራሱ አርማ አለው።

ንስሩና የወይራው ዝንጣፊ

አሁን ወደ ጃኬታችን አርማ መጣን። ሥዕሉን የሠራው ከሦስቱ የአፖሎ 11 ተጓዦች አንዱ ማይክል ኮሊንስ ነው። ጓዶቹ ጨረቃ ላይ ሲወርዱ እሱ ከላይ እየዞረ የጠበቃቸው ሰው ነው። ንስር ይሁን የሚለውን ሐሳብ የሰጠው ተጠባባቂው ጂም ላቭል ነበር። ኮሊንስ ስለ ወፎች ከሚናገር የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሐፍ ላይ ንስር አገኘና ስስ ወረቀት ደርቦ ገለበጠው። እኛ ከድሮ ቀሚስ ጥለት ስንቀዳ የምናደርገው ማለት ነው! ከሥሩ ጨረቃን፣ ከኋላው ምድርን ሣለበት።

ግን ሥዕሉ አንድ ነገር ጎደለው። ሰዎቹ የመጡት ለሰላም እንደሆነ የሚናገር ምልክት አልነበረበትም። በማሠልጠኛው ውስጥ የሚሠራ ቶም ዊልሰን የተባለ ባለሙያ «የወይራ ዝንጣፊ ይያዝ» አለ። የኖኅ ርግብ ይዛ እንደተመለሰችው ቅጠል መሆኑ ነው። ኮሊንስ ዝንጣፊውን በንስሩ ምንቃር ላይ አደረገው። አለቆቹ ሲያዩት ግን ባዶውን የተዘረጋው የንስሩ ጥፍር አስፈራቸው፤ ለመናከስ እንጂ ለሰላም የመጣ አይመስልም አሉ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ዝንጣፊው ከምንቃሩ ወደ እግሩ ወረደ። ኮሊንስ በ1974 ባሳተመው ማስታወሻው ላይ ንስሩ እንዲህ ሲይዝ ምቾት ያጣ እንደሚመስል፣ ከማረፉ በፊት ዝንጣፊውን ይጥለዋል ብሎ ተስፋ እንደሚያደርግ በቀልድ ጽፏል። ስሕተትም አለበት፤ በአርማው ላይ ምድር ላይ ያረፈው ጥላ ከጨረቃ ሆኖ ሲታይ በሌላ በኩል መሆን ነበረበት። ቢሆንም እንዳለ ጸደቀ።

እኛን ያቆመን ግን ሌላው ውሳኔያቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአፖሎ አርማዎች ላይ የተጓዦቹ ስም ይጠለፍ ነበር። አርምስትሮንግ፣ ኮሊንስና ኦልድሪን ግን ስማቸው እንዳይገባ መረጡ። በአፖሎ ሥራ ላይ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ተሰማርቶ ነበርና አርማው የሁሉም እንዲሆን ፈለጉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አባባላችንን የሰሙት ይመስላል።

ስም አለመጻፍ ሌላም ጥቅም እንዳለው ከዓመት በኋላ ታየ። የአፖሎ 13 አርማም ሦስት የሚጋልቡ ፈረሶች እንጂ ስም አልነበረበትም። በሚያዝያ 1970 ሊነሡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ከተጓዦቹ አንዱ ለኩፍኝ መሰል በሽታ መጋለጡ ስለታወቀ በሌላ ሰው ተተካ። አርማው ላይ አንድ ክር እንኳ መፍታት አላስፈለገም።

የአፖሎ 11 ንስር ከጨርቅ ወደ ገንዘብም ተሻግሯል። በ1971 የአሜሪካ የአንድ ዶላር ሳንቲም ጀርባ ላይ ገባ። በ1979 ደግሞ ያው ንስር ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው የሱዛን ቢ. አንተኒ መልክ ባለበት ዶላር ጀርባ ላይ ተቀረጸ። በአገሪቱ ገበያ ላይ በዋለ ሳንቲም ላይ የአንዲት በእውን የኖረች ሴት መልክ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሳንቲሙ በመጠኑ ከሩብ ዶላሩ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው እያምታታው አልወደደውም፤ ንስሩና ሴቲቱ ግን አሁንም ጀርባ ለጀርባ ሆነው አሉ።

የሰፉት እጆች

ለጠላፊዎቻችን አንድ የሚያስገርም ነገር እንንገራችሁ። ጨረቃ ላይ የወጣው አርማ ጥልፍ አይደለም። በጥር 1967 የአፖሎ 1 መንኮራኩር ለልምምድ መሬት ላይ እንዳለች እሳት ተነሥቶ ሦስት ጠፈርተኞችን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ ያ «ሞሊ ብራውን»ን የሰየመው ግሪሰም ነበር። ከዚያ በኋላ በቀላሉ የሚቃጠል ነገር ከጠፈር ልብስ ላይ እንዲወገድ ተደረገ። አርማዎቹም ከመስተዋት ክር በተሠራና እሳት በማይበላው «ቤታ» በተባለ ጨርቅ ላይ መታተም ጀመሩ። የጥልፉ አርማ ለሌላው ልብስ፣ ለስጦታና ለሰብሳቢዎች ሆነ።

የታተመውን አርማ የተሸከመው ልብስ ግን የሴቶች እጅ ሥራ ነው። የጨረቃው ልብስ የተሰፋው በዴላዌር ግዛት ዶቨር ውስጥ በሚገኝ ድርጅት ሲሆን፣ ከሰፊዎቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የሴቶች የውስጥ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ናቸው። ልብሱ 21 ድርብ ነበረው። የስፌቱ መስመር ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ እንኳ ቢዛነፍ ሥራው ይመለሳል። አንዲት ተረስታ የቀረች ስፒል የሰው ሕይወት ልታጠፋ ስለምትችል የተሰፋው በራጅ ይመረመር ነበር። አርምስትሮንግ ስሙን ከአርማው ላይ ቢያስቀርም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። እነዚያ ሴቶች ግን የሚያስቀሩት ስም አልነበራቸውም። የእናታችን ንግግር ትርጉሙ የገባን እዚህ ላይ ስንደርስ ነው።

ሴቶች በአርማው ላይ

በሐምሌ 1973 ስካይላብ ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ሦስት ሰዎች ሄደው 59 ቀን ገደማ ቆዩ። አርማቸው መሐል ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣለው የታወቀው ወንድ ነበረ፤ ዙሪያውን የሦስቱ ስም። ሚስቶቻቸው ሥዕል በሚችሉ ሰዎች ረዳትነት በድብቅ ሌላ አሠሩ። በወንዱ ቦታ ሴት ቆመች፤ በባሎቹ ስም ቦታ ሱ፣ ሄለንና ግራሺያ የሚሉ የእነሱ ስሞች ገቡ። ከዚያ በመንኮራኩሩ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስደበቁት። ሰዎቹ ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ የሚስቶቻቸውን አርማ አገኙ። በቀልድ የተደረገ ነው፤ ሆኖም ባል በሰማይ ሲዞር ቤቱን ማን ይዞ እንደቆየ የሚያስታውስ ቀልድ ነው።

በሰኔ 1983 ሳሊ ራይድ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆና ስትወጣ ሴትነት በይፋዊው አርማ ላይ ቦታ አገኘ። በዚያ አርማ መሐል አምስት ክንድ ያለው ምልክት አለ፤ አራቱ ክንዶች የወንድ፣ አንዱ የሴት ምልክት ይዘዋል። ብዛቷ አንድ ብትሆንም ከአራቱ እኩል ተቆጥራለች።

ከሁሉም ልባችንን የነካው የ1986ቱ ነው። በቻሌንጀር መንኮራኩር ከተሳፈሩት ሰባት ሰዎች አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የተባለች የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። በአርማው ላይ ከስሟ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፖም ተጠልፋለች፤ በአሜሪካ ተማሪ ለመምህሩ የሚሰጠው ስጦታ ፖም ነውና። ጥር 28 ቀን መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሰከንድ ተሰባብራ ሰባቱም አለቁ። ለደስታ ተብሎ የተዘጋጀው አርማ የሐዘን መታሰቢያ ሆኖ ቀረ። ጥልፍ አንዴ ከተጠለፈ ምን እንደሚያስታውስ ጠላፊዋ አትወስንም።

መርፌው፣ መወርወሪያውና ሰብሳቢው

እነዚህ አርማዎች በብዛት የሚሠሩበት ማሽን «ሺፍሊ» ይባላል። በ1863 ኢዛክ ግሮብሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው የፈለሰፈው። ስሙ በእነሱ ቋንቋ «ትንሿ ጀልባ» ማለት ሲሆን የታችኛውን ክር የያዘው መወርወሪያ ጀልባ ስለሚመስል የወጣለት ነው። ሠራተኛው ተለቅ ተደርጎ የተሣለውን ሥዕል ስፌት በስፌት ሲከተል በመቶ የሚቆጠሩ መርፌዎች ያንኑ በአንድ ጊዜ አሳንሰው ይደግሙታል። ዛሬ ያን የሚያደርገው ኮምፒዩተር ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለናሳ የጥልፍ አርማዎችን የሚያቀርበው በሰሜን ካሮላይና ዊቨርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ ኤ-ቢ ኤምብለም የተባለ ድርጅት ነው። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ «ስፔስ ሸትል» የሚባለው መንኮራኩር ስም ራሱ የሸማኔ መወርወሪያ ማለት ነው፤ እንደ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ ይመላለስ ስለነበር።

ሰብሳቢዎች ደግሞ በየአገሩ አሉ። ወደ ጠፈር ደርሶ የተመለሰ አርማ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ምድር ላይ የቀረው፣ ለመታሰቢያ የተሸጠው ግን በቀላሉ ይገኛል። ከጊዜ በኋላ ተመስሎ የተሠራውን እንደ ድሮ የሚሸጥም ስላለ ሰብሳቢ ዓይኑን መክፈት አለበት። የክሩን ቀለም ብዛት ይቆጥራል፤ የፊደሉን ቅርጽ ያስተያያል፤ ጠርዙ የተቆረጠ ነው ወይስ የተዘመዘመ ብሎ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን አርማውን ይገለብጣል። ጀርባው በፕላስቲክ ከተለበጠ የኋላ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ እኛም በመጀመሪያው ቀን ማንም ሳያስተምረን ያደረግነው ያንኑ ነበር።

የእኛ አርማ

በአራተኛው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለስብሰባው አቀረብን። የአፖሎ 11ን ሐሳብ አብዛኛው ሰው ወደደው፤ ፊቱ ላይ የማንም ስም አይኑር፣ አርማው የሁሉ ይሁን። ግን የሰፊዎቹን ሴቶች ነገር ስናነሣ እናታችን ቀና አሉ። የቴሬሽኮቫን የተሸፈነ ወፍ ስንነግራቸው ደግሞ «ታዲያ ከጀርባው ይጠለፋ!» አሉ።

እንዲሁም ተወሰነ። በፊቱ የጀበናና የመርፌ ሥዕል ከማኅበሩ ስም ጋር ይሆናል። በጀርባው እያንዳንዱን አርማ የጠለፈችው ሴት ስም በእጇ ይጠለፋል። በሞት የተለየችን መሥራች አባላችን ድርሻ በልጇ እጅ ይሠራል። አንዲት አባል «ልብስ ላይ ሲሰፋ እኮ ስሙ አይታይም» ብትላቸው እናታችን «ባይታይስ? እንዳለ እኔ አውቃለሁ» ብለው መለሱ። ለስሙ የሚጨምረውን ክር በበጀቱ «ልዩ ልዩ ወጪዎች» በሚለው ርዕስ ሥር አስገብተነዋል፤ ኦዲተሩ ቢጠይቀን መልሳችን ይህ ጽሑፍ ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ የእናንተም ስም ፊቱ ላይ ባለመኖሩ ቅር እንደማይላችሁ እናምናለን። በዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርታችን ላይ እንደ ሁልጊዜው በመጀመሪያው ገጽ ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ አርማ እንልካለን። ከመስፋታችሁ በፊት ግን እባካችሁ አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡት።